ስለ አዲሱ የሥነ ልቡና ትምህርትና ስለ አንድ ሰንሰለት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከወጣቶች ጋራ በተቀመጥሁ ቁጥር አንድ ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ይኸውም «ሥነ ልቡና» የሚለው ነው። ቀድሞ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን ይመኝ የነበረው ልጅ ዛሬ የሰውን ልብ የምመረምር ዐዋቂ እሆናለሁ ይላል። ምኞቱን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የምነቅፈው ምኞቱን ተከትሎ የመጣውን አንድ ክፉ ልማድ ነው፤ እሱም ዕውቀትን እንደ ሸቀጥ ከባሕር ማዶ ተጭኖ እስኪደርስ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በፈላና በር የሰማሁት ጭውውት ነው። የሐረርን ከተማ ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ፈላና በር ማለት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ካሠሩት ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው፤ በስተ ሰሜን ይገኛል፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው አሱም በሪ ይሉታል። ከበሩ ውጭ ለረጅም ዘመን ማታ ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሲጎርስ ኖሯል፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳም ይህን ለማየት ገንዘብ ይከፍል ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የተቀመጥሁት ሻይ ለመጠጣት ነው፤ ሰዓቱም ገና ዐሥር ሰዓት ነበር።

ከጎኔ ባለው አግዳሚ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጡ ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ስልኩን እያሳየ፣ «የድሮው ሥነ ልቡና አልቋል። ዛሬ አንጎል ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሐሳብ ከማሽን ላይ ይነበባል። ነገ ደግሞ ሰው ለሰው ምሥጢሩን መንገር አያስፈልገውም፤ ኮምፒዩተር ያማክረዋል። የእኛ ፋንታ እስኪደርሰን መጠበቅ ብቻ ነው» ይላል። ይህን ሲናገር አንድ ልብሱ የተቀዳደደ ሰው ብቻውን እያወራ በፊታችን ዐለፈ፤ አራት ወይም አምስት ልጆችም ከኋላው «እብድ! እብድ!» እያሉ ጠጠር ይወረውሩበታል። ተናጋሪው ወጣት ቀና ብሎ አየና ፈገግ ብሎ ንግግሩን ቀጠለ። ሁለቱ ጓደኞቹም አልተነሡም። እኔም አልተነሣሁም፤ ስለ ራሴ ጥፋት ግን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እንግዲህ ያ ወጣት የተመካባቸውን አዳዲስ ቅርንጫፎች አንድ ሁለቱን እንያቸው። (የውጭ አገሩን ነገር ስጽፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢዬ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሰ ያስብ።) ሥነ ልቡና ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ የሚባለው ጀርመናዊው ዊልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲክ ከተማ የምርመራ ቤቱን ከከፈተ ወዲህ ነው። ዕድሜው እንግዲህ ገና 150 ዓመት አልሞላም። ለአንድ ትምህርት ይህ የልጅነት ዘመን ነው፤ ልጅ ደግሞ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር መሮጥ ይወዳል።

ከሩጫዎቹ አንዱ የአንጎል ፎቶግራፍ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በማግኔት ኃይል የሚሠራ ማሽን ሰው ሲያስብ ወይም ሲፈራ በአንጎሉ ውስጥ ደም ወዴት ወዴት እንደሚበረታ ያሳያል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚያየው የደምን መመላለስ ነው እንጂ ሐሳብን አይደለም፤ ከደሙ ወደ ሐሳቡ የሚሻገረው ሰው በስሌትና በግምት ነው። በ2009 ክሬግ ቤኔት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ ከገበያ የተገዛ አንድ የሞተ ዓሣ በዚህ ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ የሰዎችን ሥዕል እያሳዩ፣ ሰዎቹ ምን ዓይነት ስሜት ላይ እንዳሉ ጠየቁት። ስሌቱ ያለ ጥንቃቄ በተሠራ ጊዜ የሞተው ዓሣ አንጎል ሲያስብ ታየ! ተመራማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለቀልድ አልነበረም፤ ባልደረቦቻቸው በቸልታ የሚሠሩትን ስሌት ለማጋለጥ ነው። እኛ ግን ስለ ዓሣው ሳንሰማ ስለ ማሽኑ ብቻ እንሰማለን።

በ2015 ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ተሰብስበው፣ በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ታትመው የነበሩ 100 ምርምሮችን እንደ ገና ሠርተው አዩ። ውጤታቸው እንደ ፊተኛው ሆኖ የተገኘው ከመቶው 40 እንኳ አልሞላም። ይህን የምጠቅሰው ትምህርቱን ለማዋረድ አይደለም። የራሱን ስሕተት በራሱ እጅ ቆፍሮ አውጥቶ በአደባባይ የሚዘረጋ ትምህርት ክብር ይገባዋል፤ በእኔ አስተያየት ከአዳዲሶቹ ቅርንጫፎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ራስን የመመርመር ሥራ ነው። ሆኖም ባለቤቶቹ የተጠራጠሩትን ነገር እኛ በፈላና በር ሻይ ቤት እንደ ወንጌል ወይም እንደ ቁርዓን ቃል ስንቀበለው ማየት ያሳፍራል።

ስለ ደስታ የሚያጠናውን ቅርንጫፍ ብዙ አልናገርም። በ1998 ማርቲን ሴሊግማን የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ «እስከ ዛሬ በሽታን ስናጠና ኖርን፤ ከእንግዲህ የሰውን ብርታትና ደስታም እናጥና» የሚል አሳብ አነሣ። መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ይኸው አሳብ በነጋዴ እጅ ወድቆ «ፈገግ በል፣ ይሳካልሃል» ወደሚል የመንገድ ላይ መጽሐፍ ተለውጧል፤ የከተማችን መጽሐፍ አዟሪዎችም በብዛት የሚሸጡት እሱኑ ነው።

ስለ ኮምፒዩተሩ ግን ዝም ማለት አልችልም። ማሽን ሰውን ያማክራል የሚለው ነገር አዲስ አይደለም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የማሳቹሴትስ መምህር ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። ሥራዋም ሰው የጻፈውን ቃል ገልብጣ መልሳ መጠየቅ ብቻ ነው፤ «አዝኛለሁ» ያላትን «ለምን አዘንህ?» ትለዋለች። ዋይዘንባውም እንደ ጻፈው፣ ፕሮግራሟ ስትሠራ ዓይኗ እያየ የነበረች የገዛ ጸሓፊው እንኳ ከኤሊዛ ጋራ ብቻዋን ለመነጋገር ብላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። ሰውዬው ደነገጠ፤ ከዚያም በኋላ ማሽን ሰውን መተካት በማይገባው ቦታ እንዳይተካ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ከኤሊዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ በሌሊት የሚያናግረው አጥቶ ለተጨነቀ ሰውም ጥቂት ማስተንፈሻ ይሆኑት ይሆናል። ነገር ግን ያ ጠጠር የሚወረወርበት ሰው ስልክ የለውም። ቢኖረውስ፣ ማሽኑ ከሻይ ቤቱ ተነሥቶ ልጆቹን ይገሥጽለታልን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር የነበሩ ሦስት መምህራን፣ ሄንሪክ፣ ሃይንና ኖረንዛያን፣ አንድ ትልቅ ጽሑፍ አወጡ። በውስጡም በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች «ሰው» ተብሎ የተመረመረው ፍጡር ማን እንደ ሆነ አሳዩ፤ ከመቶው 96 የሚሆነው የምዕራባውያን አገሮች ሰው ነው፤ እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ 12 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ከዚያም ውስጥ ብዙው የኮሌጅ ተማሪ ነው። ዓይን እንኳ በአገር በአገሩ ይለያያል። ጫፋቸው ላይ የቀስት ምልክት ያለባቸው ሁለት እኩል መሥመሮች ለአሜሪካ ተማሪ አንዱ ከሌላው ረዝሞ ይታየዋል፤ በካላሃሪ ምድረ በዳ ለሚኖሩ አዳኞች ግን እኩል መሆናቸው ወዲያው ይታያቸዋል። መሥመርን በማየት እንኳ ሰው እንዲህ ከተለያየ፣ ሐዘንን በማዘን፣ ኀፍረትን በማፈር ምን ያህል ሊለያይ ነው?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ቋንቋችንን እንመልከት። ድብርትን ለመለካት በብዙ አገር ከሚሠራባቸው የእንግሊዝኛ መጠይቆች በአንዱ ውስጥ፣ ሐዘን በሰማያዊ ቀለም ስም ተጠርቶ፣ «በዘመዶችህ እርዳታ እንኳ አልለቅህ ብሎ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ ተጠያቂው ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል። በአንጻሩ የሐረርጌ ሰው ከጫት ጋራ በኖረበት ዘመን ያወጣቸውን ቃላት እንቍጠር፦ ሳይቅሙ ሲውሉ የሚያስጨንቀው ሐራራ፣ ቅጠሉ ሲሠራ የሚመጣው ምርቃና፣ ሌሊት በእንቅልፍና በንቃት መካከል የሚያስፈራራው ዱካክ፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ። ይህ የማንም ፕሮፌሰር ሥራ አይደለም፤ ሕዝብ የገዛ አእምሮውን ተመልክቶ በየደረጃው ስም ያወጣለት ነው። በአጠገባችን ያለው አወዳይ ጫቱን በየሌሊቱ ለዓለም ይልካል። የጫትን የአእምሮ ነገር የሚያጠና ሰው ከቦስተን እስኪመጣልን ድረስ የሐረር ልጅ ምን ያደርጋል?

«እኛ አገር ምርምር አይቻልም» የሚለኝ ካለ ቡታጅራን እነግረዋለሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለችው በዚያች ወረዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ከ68,000 በላይ ሰዎች አነጋገሩ፤ ከመጠይቁም ሌላ የየመንደሩን ዐዋቂዎች «ከእናንተ ዘንድ በዚህ ዓይነት የታመመ አለን?» ብለው ጠየቁ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው የሚበዙት ሐኪም ዐይተው የማያውቁ ነበሩ። እነዚህኑ ሕሙማን ዐሥር ዓመት ተከታትለው በ2015 የጻፉትን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል። ሠላሳ ዓመት! ይህን ያሳየን የአንጎል ፎቶግራፍ አይደለም፤ ጫማውን ጭቃ ውስጥ እየነከረ በር ያንኳኳ ሰው ነው። በ2022 ደግሞ በዚያው አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት ታተመ፤ በጤና ጣቢያ ያሉ ተራ ነርሶችና ጤና መኰንኖች ሠልጥነው ቢያክሙ ውጤታቸው በአእምሮ ሕክምና ከተማሩ ነርሶች ሥራ እንደማያንስ አሳየ።

ዚምባብዌም ጐረቤታችን ባትሆን እንኳ ወንድማችን ናት። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሐኪም ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ከተማ አሮጊት እናቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው ሄዶ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ እነሱም በቋንቋው ያናግሩታል፤ ሕመሙንም በሰለጠነው ስም ሳይሆን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ማለት «ሐሳብ ማብዛት» ብለው ይጠሩታል። እኛም እኮ «ሐሳብ በዛበት» እንላለን! በ2016 የወጣው ጥናት ከአሮጊቶቹ ጋራ የተቀመጡት ሰዎች በተለመደው መንገድ ብቻ ከታከሙት ይልቅ እጅግ እንደ ተሻላቸው አሳይቷል። ይህ አሳብ ከአፍሪካ ወጥቶ ዛሬ ለንደንና ኒው ዮርክ ደርሷል። እንግዲህ ያ ሻይ ቤት ውስጥ ያለው ወጣት ከባሕር ማዶ ሲጠብቅ፣ ባሕር ማዶው ከአሮጊቶቻችን እየተማረ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ኖሬአለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንድ ቀን ማታ ቤቴ መጣ። ብዙ ከተሽኮረመመ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ሳይኖር ድምፅ እሰማለሁ፤ ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል» አለኝ። እኔም፣ መጽሐፍ አነበብሁ፣ ዓለም ዐወቅሁ የምለው ሰው፣ «ጫቱን ተው፤ ጸሎት አብዛ፤ ወንድ ልጅ አይደለህም? ጠንከር በል» ብዬ በሩን ከፍቼ ሸኘሁት። አንድ ጊዜ ስንኳ ደግሜ አልጠየቅሁትም። ከወራት በኋላ «ሰው መታ» ተባለ፤ ዘመዶቹም በጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ እግሩን በሰንሰለት ከምሰሶ ጋራ አሰሩት። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ገደል እንዳይገባባቸው ፈርተው ነው። ሁለት ዓመት እንዲያ ኖረ። እናቱ በየቀኑ ቍርጭምጭሚቱን ቅቤ ትቀባው ነበር።

ኋላ ያነበብሁት ነገር የበለጠ አቃጠለኝ። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ በወጣትነት ዕድሜ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓትሪክ ማክጎሪ የሚባል ሐኪም በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ሕመሙን ገና ሲጀምር የሚቀበል የወጣቶች ሕክምና አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ አገር ተመርምሮ፣ ሕመሙ ሳይታከም የሚቆይበት ዘመን በረዘመ መጠን መሻሉ እንደሚከብድ ታወቀ። ይህም ከአዳዲሶቹ ቅርንጫፎች አንዱ ነው፤ ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ድምፅ እሰማለሁ የሚል ልጅ ሲመጣ ቶሎ ወደ ሐኪም የሚወስደው ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ልጅ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ጫትም ቢሆን ብዙ ሲቃም ሕመሙ ያለበትን ሰው እንደሚያባብስ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ስለዚህ «ተው» ማለቴ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ በዚያ ላይ ማቆሜ ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ከወጣቶቹ ጋራ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ከሽማግሌዎቹም ጋራ ነው። እኛ «ጂን ነው»፣ «ዛር ነው»፣ «መተት ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ጸሎትን አልቃወምም፤ በአዲስ አበባ በጠበል ቦታ ካህናትና ሐኪሞች ተባብረው ጠበሉንም መድኃኒቱንም ለሕሙማን ስለ ሰጡበት ሥራ በ2021 የታተመ ጽሑፍ አለ። ከሼኮቻችንና ከቄሶቻችን ጋራ እንዲሁ ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የምቃወመው ዱዓውን ወይም ጠበሉን የቸልተኝነታችን መሸፈኛ ማድረጋችንን ነው። ሐረር ጅብ ጂን ይበላል እያለች ለጅብ በግንቡ ሥር መግቢያ ቀዳዳ የተወች፣ ጅቡን በስሙ እየጠራች ያጎረሰች ከተማ ናት። ዓለም የሚፈራውን አውሬ ለማልመድ ትዕግሥት ያላነሰን ሰዎች፣ የገዛ ልጃችን ሲታመምብን ትዕግሥታችን ሰንሰለት ድረስ ብቻ ሆነ።

መሣሪያውስ የለንም እንዳንል አለን። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ ሌሎቻችን ዕድር አለን። የአፎቻ አባል ለሠርግና ለቀብር ካልተገኘ ይቀጣል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሐዘንን ለብዙ ሰው ከፋፍሎ ማሸከም ምን ማለት እንደ ሆነ የምዕራብ ሊቃውንት ዛሬ በብዙ ገንዘብ ሲያጠኑት እኛ በወር መዋጮ ስንሠራው ኖረናል። ነገር ግን ሰው ሞቶ ካልሆነ አንነሣም። በሕይወት ሳለ አእምሮው ለታመመ ሰው ድንኳን የሚተክል ዕድር ዐይቼ አላውቅም።

ተማሪዬ ዛሬ ከሰንሰለቱ ተፈቷል። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ከቤቱ ድረስ መጥታ መድኃኒት አስጀመረችው፤ ፈጽሞ አልዳነም፤ ሲናገር ቃሉ ይጐተታል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን ማለዳ ከእናቱ ጋራ ዳቦ ያወጣል፤ ሲያገኘኝም «ጋሼ» ብሎ ይስመኛል። ያን ማታ ያልሁትን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ከወር መዋጮው ጥቂት ተነሥቶ አእምሮው ለታመመ ሰው የመጓጓዣና የመድኃኒት ዋጋ ይሁን፤ የታሰረ ካለም ሁለት አባላት በየሳምንቱ እየሄዱ ይጠይቁት ብዬ አመለከትሁ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ፣ «አቶ መምህር፣ ዕድር የተቋቋመው ለሞት ነው፤ ለእብደት አይደለም» አሉኝ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አቀረቀረ። ከኋላ ግን አንዲት ሴት ቆመው፣ «እኔ ቤት አንድ አለ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጉዳዩ ለሚመጣው ወር ተላልፏል። ስብሰባው እሑድ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ነው፤ ከእነዚያ ሦስት ወጣቶች አንዱ፣ ያ ስልክ የያዘው፣ የጎረቤቴ ልጅ መሆኑን ደርሼበታለሁና አብሮኝ እንዲመጣ ልጠራው ነው።